ምዕራፍ ሰባት፦ ለማስታወሻ የተሰጠ

ፎቶ ቤት ውስጥ የማይታወቅ ሰው ፎቶ ሆኖ የተነሣ ፎቶ የለም። ሰውየው ፎቶ ቤት ሲገባ ስሙን ይዞ ነው የገባው። ፎቶ አንሺው ሬሲት ሲቆርጥለት ስሙን ጠይቆ ጽፏል። ፎቶው በፖስታ የደረሳት እናቱም «ልጄ ነው» እያለች ለጎረቤት አዙራ አሳይታለች። ስሙ የሚጠፋው ኋላ ነው፤ ሻንጣው ከአልጋ ሥር ወጥቶ ሲበረበር፣ ውርስ ሲካፈል፣ ቤት ሲፈርስ፣ «ይሄ ደግሞ ማነው?» የሚል እንጂ የሚመልስ ሲታጣ። ያን ጊዜ ቁራሌው በበር እየተጣራ ያልፋል። ከአሮጌው ሬዲዮና ከተሰበረው ወንበር ጋር ፎቶውም ይሄዳል።

ይህ ምዕራፍ ስለነዚያ ፎቶዎችና እነሱን ስለሚሰበስቡ ሰዎች ነው። ምሳሌዎቼን በአብዛኛው የማመጣው ከአዳማና ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች ነው፦ ከሞጆ፣ ከወንጂ፣ ከመተሐራ፣ ከመቂ፣ ከባቱ፣ ከሻሸመኔ። ሰው ከተወለደበት ርቆ በሚሠራበት አገር ፎቶ ይበዛል፤ ስሙ የጠፋበት ፎቶም የሚበዛው እዚያው ነው።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለ ፎቶ መሰብሰብ የቆየ ሱስ ነው። ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ዲዝዴሪ እ.ኤ.አ. በ1854 በአንድ የመስተዋት ሰሌዳ ላይ በርካታ ትንንሽ ምስሎችን የማንሳት ዘዴ በስሙ ካስመዘገበ ወዲህ ፎቶ ለተራው ሰውም እየቀረበ መጣ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ጀርባው እንደ ፖስት ካርድ የታተመ የፎቶ ወረቀት ገበያ ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ የትኛውም ፎቶ ቤት የደንበኛውን መልክ በዚያ ወረቀት ላይ አጥቦ፣ ቴምብር ተለጥፎበት የሚላክ ካርድ አድርጎ መስጠት ቻለ። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ቶም ፊሊፕስ እንዲህ ያሉ ካርዶችን በአሥር ሺዎች ሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ2004 የነገሥታትና የዝነኞች ምስል በሚሰቀልበት በለንደኑ ብሔራዊ የቁም ሥዕል ሙዚየም ለእይታ አበቃቸው። የደረደራቸው በሚታየው ነገር ነበር፤ ባለ ብስክሌቶቹን ለብቻ፣ ባርኔጣ የደፉትን ለብቻ፣ መጽሐፍ የያዙትን ለብቻ። ትዕይንቱ ዓይን የሚማርክ እንደነበር አያጠራጥርም። እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሰውን በባርኔጣው መመደብ የሚቻለው ስሙን ፍለጋ ከተተወ በኋላ ነው፤ ለእኛ ደግሞ ፍለጋውን ለመተው ገና ነው። የኛ ፎቶዎች ከ50 እና 60 ዓመት በፊት የተነሡ ናቸው። የሚያውቃቸው ሰው ዛሬም እዚያው ቀበሌ ውስጥ በሕይወት ሊኖር ይችላል።

ሰብሳቢው ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ዓይነት «ያልታወቁ» ሰዎችን መለየት አለበት።

የመጀመሪያዎቹ ገና ሲነሡም ስማቸው ያልተጠየቀ ናቸው። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረትን እ.ኤ.አ. በ1908 ተቀላቀለች። በእነዚያ ዓመታት ለአውሮፓውያን መንገደኞችና ለቴምብር ወዳጆች የሚሸጥ የታተመ ፖስት ካርድ በብዛት ይወጣ ነበር። ሹሩባ የተሠራች ወጣት፣ ጋሻ የያዘ ጦረኛ፣ እንጨት የተሸከመች እናት ይታዩበታል። ከሥር በፈረንሳይኛ የሚነበበው ግን የሰው ስም አይደለም፤ ከየትኛው «ዘር» እንደሆኑ የሚገልጽ ነው፣ ብዙ ጊዜም በዘመኑ የንቀት አጠራር። በፋሺስት ወረራ ጊዜ ይህ ንግድ ይበልጥ ተዋረደ፤ የተራቆቱ ሴቶች ፎቶ የወታደር ኪስ ማሞቂያ ሆነ። እነዚህ ካርዶች ዛሬ በውጭ አገር ጨረታ ጥሩ ዋጋ ያወጣሉ፤ ሻጩም «ብርቅዬ» ብሎ ያቀርባቸዋል። በካርዱ ላይ ያለችው ሴት ግን ማን አንሣኝ አለች? የከፈለው ሌላ፣ አቋቋሟን የወሰነው ሌላ፣ ካርዱን የላከውም ሌላ ነው።

ሁለተኛዎቹ ራሳቸው ከፍለው የተነሡ ናቸው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ያነሳ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእሱም በኋላ ሙያውን የወረሱት ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም፣ ስቱዲዮ የሚባለውን ነገር ለአዲስ አበባ ካስተዋወቁት መካከል ናቸው። ሙያው ቀስ በቀስ ወደ ኢትዮጵያውያን እጅና በባቡርና በመኪና መንገድ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ወረደ። ሥራው በወረደ መጠን ደንበኛውም ሰፋ። ሾፌር፣ አገዳ ቆራጭ፣ የቡና ቤት አስተናጋጅ፣ ተማሪ፣ ወታደር ሁሉ ተነሣ። እነዚህ ሰዎች ምን ለብሰው፣ ወዴት ዞረው፣ ማንን አጠገባቸው አድርገው መታየት እንደሚፈልጉ ራሳቸው ወስነዋል። እኔ የምወዳቸው እነዚህን ነው፤ ምርጫዬንም አልደብቅም።

አዳማን አዳማ ያደረጋት ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ከተማይቱም በጣቢያው ዙሪያ አደገች። ቀጥሎ ስኳሩ መጣ። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ የወንጂን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የሸዋን በ1962 ሥራ አስጀመረ፤ መተሐራም ተከተለ። በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1960 ተመረቀ። ደብረ ዘይት ላይ የአየር ኃይሉ ነበር። ሻሸመኔ ደግሞ ከአራቱም ማዕዘን የሚመጣ መኪና የሚያድርባት መገናኛ ሆነች። ወደ አገዳው እርሻ ከከምባታ፣ ከሀዲያ፣ ከወላይታና ከሌላም አገር ወጣቶች ጎረፉ። ብዙዎቹ ያላገቡ፣ ቤተሰባቸው ሩቅ የሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጃቸው የደመወዝ ብር የጨበጡ ልጆች ነበሩ።

እንዲህ ያለ ልጅ ፎቶ ቤት የሚገባበት ምክንያት አያጣም። አገር ቤት ያሉት ደህና መሆኑን ማየት ይፈልጋሉ። ማንበብ ለማይችል ወላጅ ደብዳቤ የሚነበበው በሰው አፍ ነው፤ ፎቶ ግን አስነባቢ አይሻም። ልጁ መወፈሩን፣ ጫማ ማድረጉን፣ ሰው መሆኑን እናት ራሷ ታየዋለች። ሽማግሌ ተልኮ ለታጨች ልጅም የእጮኛዋ፣ ለእሱም የእሷ መልክ አስቀድሞ በፎቶ ይደርሳል። ጓደኛ ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወር ደግሞ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ይነሡና አንዳንድ ቅጂ ይካፈላሉ። ስለዚህ ከአንድ ኔጋቲቭ ሦስትና አራት ፎቶ ይታጠባል። ሰብሳቢ ይህን ልብ ሊል ይገባል። ያው ፎቶ አንዱ ቅጂ አዳማ፣ ሌላው ሆሳዕና ቢገኝ «ድጋሚ ነው» ተብሎ የሚጣል አይደለም፤ የሰውየው ዝምድና የተዘረጋበትን መስመር የሚያሳየው ያ ድግግሞሽ ነው።

ከስቱዲዮ ውጭ የተነሡትም አሉ። ሶደሬ ፍል ውኃ ዳር ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚዞሩ ፎቶ አንሺዎች የእሑድ እንግዳውን በዋና ልብስ ያነሡ ነበር። እነዚህ ለእናት የተላኩ አይመስለኝም።

አሁን አንድ ፎቶ በእጃችን ይዘን እንየው። በየሻንጣው የሚገኝ ዓይነት ነው፦ የፖስት ካርድ መጠን፣ ጥቁርና ነጭ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተከረከመ። ወጣት ቆሟል። ቀኝ እጁ ወንበር መደገፊያ ላይ ነው፤ ግራ እጁን ደግሞ ሰዓቱ እንዲታይ እጅጌውን ሰብስቦ ደረቱ ሥር አድርጎታል። ጥቁር ኮት፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ከራባት። ከኋላው ደረጃና ዓምድ የተሣለበት መጋረጃ ተዘርግቷል፤ የመጋረጃው ግርጌ ከሲሚንቶው ወለል ጋር ሳይገጥም ቀርቶ አንድ ጣት የሚያህል ጨለማ ይታያል። እግሩ ላይ ያለው በረባሶ ነው።

ቸኩሎ የሚፈርድ ሰው «የቢሮ ሠራተኛ፣ ደህና ኑሮ ያለው» ብሎ ያልፋል። ግን የኮቱን ትከሻ እዩት፤ ስፌቱ ከሰውየው ትከሻ አልፎ ወርዷል። የቀኙ እጅጌ ደግሞ የአውራ ጣቱን አንጓ ሸፍኗል፣ ለዚህ ነው ግራውን ሰዓቱን ለማሳየት የሰበሰበው። ብዙ ፎቶ ቤቶች ለደንበኛ የሚያውሱት ኮትና ከራባት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቃል። ኮቱ ስለ ሰውየው የሚናገረው ትንሽ ነው፤ የሚናገረው ስለ ፎቶ ቤቱ ነው። ይኸው ኮት በሌላ ሰው ላይ፣ በሌላ ፎቶ፣ በዚያው መጋረጃ ፊት ካገኛችሁት ሁለቱ ፎቶዎች ከአንድ ስቱዲዮ መውጣታቸውን ያለ ማኅተም አወቃችሁ። ስለ ሰውየው ማወቅ የፈለገ ግን ወደ እግር ይመልከት። ጫማ የሚያውስ ፎቶ ቤት ብዙም አይገኝም፤ ቁጥሩ ለሁሉ አይሆንማ።

ፊቱንም ቢሆን እንዳለ አትመኑት። ሙያውን የሚያውቅ ፎቶ አንሺ ኔጋቲቩን መብራት ላይ አስደግፎ በተሾለ እርሳስ ሬቱሽ ይሠራል፤ የፈንጣጣ ጠባሳ ይጠፋል፣ የግንባር መስመር ይለሰልሳል። ባለ ቀለም ፊልም ከመለመዱ በፊት ደግሞ ጥቁርና ነጩ ፎቶ በእጅ ቀለም ይቀባ ነበር። ከንፈር ቀይ፣ ጉንጭ ሮዝ፣ የአንገት ወርቅ ቢጫ ይሆናል። ልብሷ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው ቀቢው ሰማያዊ ስለነከረ እንጂ ቀሚሷ ሰማያዊ ስለነበረ ላይሆን ይችላል።

ፊት ለፊቱን ከጨረስን ጀርባውን እናገላብጥ። ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው።

በሐምራዊ ቀለም የተመታ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ በሰማያዊ ብዕር የተጻፈ «ለማይረሳኝ ወንድሜ ለማስታወሻ የተሰጠ»፣ ከሥሩም 10/3/62። ቀኑን በኛ አቆጣጠር ካነበብነው ኅዳር 10 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 1969። ፎቶውን ያገኘ የባዕድ ነጋዴ ግን 1962ን እንደ ራሱ ዘመን ወስዶ ሰባት ዓመት ያስረጀዋል። በውጭ ጨረታዎች ላይ «የ1950ዎቹ ኢትዮጵያ» ተብለው ከሚቀርቡ ፎቶዎች ውስጥ አንዳንዶቹ በዚህ መንገድ እንደ ተወለዱ መገመት አያዳግትም።

ቀን ካልተጻፈም ፍንጭ አይታጣም። ማኅተሙ «ናዝሬት» ይላል ወይስ «አዳማ»? «ደብረ ዘይት» ነው ወይስ «ቢሾፍቱ»? የከተሞቹ ስም ተለዋውጧል፤ ይህ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ሰውና ማኅተም ከአዋጅ ጋር እኩል አይራመዱምና። በቁቤ የተጻፈ አፋን ኦሮሞ ካለበት ግን ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የተቀረጸ ማኅተም ነው ብሎ መናገር ይቻላል። ስልክ ቁጥሩ በ022 ከጀመረ ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ነው፣ ቁጥሮቹ የተለወጡት ያን ጊዜ ነውና። ወረቀቱን በጣታችሁ ዳሱት። እንደ ወፍራም ካርቶን ሆኖ ወደ ውስጥ የሚጠቀለለው የድሮው ዓይነት ነው። ላስቲክ የመሰለው፣ ጠፍጣፋና ለስላሳ የሆነው በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ገበያ የያዘው ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወዲህ ነው። የአምራቹ ስም በፈዛዛ ግራጫ ታትሞ ከሆነም ጥሩ ምስክር ነው፤ አግፋና ጌቨርት ተዋህደው አንድ ድርጅት የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ጽሑፉ የሰውየው የራሱ እጅ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። በእነዚህ ከተሞች ፎቶ ከተነሡት ብዙዎቹ የአፍ መፍቻቸው ኦሮምኛ፣ ከምባትኛ፣ ወላይትኛ ነበር። ጀርባው በአማርኛ የተጻፈው ትምህርት ቤቱም ፖስታ ቤቱም በአማርኛ ስለነበረ ነው፤ ጸሐፊውም የተማረ ጓደኛ ወይም ከፖስታ ቤት ደጅ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚቀመጥ ደብዳቤ ጸሐፊ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የፍቅር ቃላቱ ከፎቶ ፎቶ የሚመሳሰሉት። «ለማስታወሻ» የሚለውን አንድ ሺህ ሰው ጽፎታል ብሎ መሳቅ ቀላል ነው፤ ማንም ግን የተቀባዩን ስም ለይስሙላ አልጻፈውም።

ጉርድ ፎቶዎች የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ቀበሌዎች ሲቋቋሙ የከተማ ሰው ሁሉ መታወቂያ ያዘ፤ ለመታወቂያ ደግሞ ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል። አንድ ጥግ ላይ ሩብ ክብ ሐምራዊ ማኅተም ያለበት ትንሽ ፎቶ ብታገኙ ከመታወቂያ ወይም ከደብተር የተላጠ ነው። የክቡ ቀሪ ክፍል ወረቀቱ ላይ ቀርቷል። ክቡ ውስጥ የተያዙት ሁለትና ሦስት ፊደላት አንዳንዴ የቀበሌውን ወይም የትምህርት ቤቱን ስም ጅማሬ ይሰጣሉ፤ በማጉያ መነጽር ቢታዩ አይቆጭም። በዚያው 1967 ዓ.ም. ታኅሣሥ በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የተላኩት ተማሪዎችም ካኪ ለብሰው፣ ቆብ ደፍተው ብዙ ተነሥተዋል። አፍሮ ጠጉርና ከጉልበት በታች የሚሰፋ ሱሪ ካያችሁ በእነዚያው ዓመታት አካባቢ ናችሁ።

ቀጥሎ የመጣው ግን ፎቶ አጥፊ ዘመን ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ ከአንድ ተፈላጊ ወጣት ጋር አብሮ መነሣት ብቻ መዘዝ ነበረው። ብዙ ቤተሰብ አልበሙን አቃጠለ፤ ማቃጠል ያልሆነለት ደግሞ ከቡድኑ መካከል አንዱን ፊት በመቀስ አወጣ። እንዲህ ዓይነት ቀዳዳ ያለበት ፎቶ ሲገኝ «ተበላሽቷል» ተብሎ ዋጋው ይቀነሳል። እኔ ብሆን ቀዳዳ ያለበትን ከሁሉ አስቀድሜ አነሳለሁ። በመቀስ የተቆረጠ ፊትና በብዕር የተደረገ ምልክት ግን ለየቅል ናቸው። ከአንዱ ሰው ራስ በላይ ትንሽ መስቀል ካለ ብዙውን ጊዜ ሰውየው ማረፉን ለማመልከት ከቤተሰብ አንዱ ያደረገው ነው። ፎቶና ለቅሶ በአገራችን ቅርብ ናቸው። ሟች በሕይወቱ አንዴ ብቻ የተነሣው ጉርድ ፎቶ ከመታወቂያው ተላጦ ለፎቶ ቤት ይሰጣል፣ ጎልቶ ታትሞ ፍሬም ይገባለታል፣ ለቅሶ ቤት ይቆማል። የጎላው ምስል ዓይኑ ብዥ ያለበት፣ ልብሱ በእርሳስ የተሞላ ከሆነ ከየት እንደ መጣ አሁን ታውቃላችሁ።

እስካሁን ፎቶው ስሙን እንዴት እንደሚያጣ አየን። ደስ የማይለው እውነት ግን ከቁራሌው ቀጥሎ ብዙ ስም የሚያጠፋው ሰብሳቢው ራሱ መሆኑ ነው። አንድ አልበም ሙሉውን ሲገኝ ውብ ውቡን መንቀል ይቀናዋል። ሙሽራዋን ይወስዳል፣ ባለ ሬዲዮውን ይወስዳል፣ ጭጋግ የያዘውን የቡድን ፎቶ ይተዋል። ያ የቡድን ፎቶ ግን ከኋላው አሥር ስም በተራ የተጻፈበት ሊሆን ይችል ነበር፤ ሙሽራዋም ከዚያ ውስጥ ከግራ ሦስተኛዋ ልትሆን ትችል ነበር። ስለዚህ አልበም አይገነጠል። ግድ ከሆነም ከመገንጠሉ በፊት እያንዳንዱ ገጽ እንዳለ ፎቶ ይነሣ።

ፎቶው የተነሣበት ቦታ ሄዶ መጠየቅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ አንድ ታሪክ ከማሊ ላምጣ። ሴዱ ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 ባማኮ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ስቱዲዮ ከፈተ። በባቡር የመጣውም የሄደውም እሱ ዘንድ እየገባ ተነሣ፤ ኮት፣ ሬዲዮ፣ ሰዓት ያውስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ከሥራዎቹ ጥቂቶቹ ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ትልቅ ኤግዚቢሽን ታዩ፤ መግለጫው «ፎቶ አንሺው ያልታወቀ» ይል ነበር። አንድሬ ማኛን የተባለ ፈረንሳዊ ባማኮ ሄዶ ሲጠይቅ ፎቶ አንሺው እዚያው፣ በሕይወት፣ ከነኔጋቲቮቹ ተገኘ። «ያልታወቀ» የተባለው ኒው ዮርክ ላይ እንጂ ባማኮ ላይ አልነበረም። የፎቶ አንሺው ስም እንዲህ ተመለሰ፤ የተነሡት ሰዎች ስም ግን በአብዛኛው ዛሬም ከፎቶዎቹ ጋር የለም።

እኛ ዘንድ ይህን የተረዱት የ«ቪንቴጅ አዲስ አበባ» አዘጋጆች ይመስሉኛል። ወንጌል አበበ፣ ናፍቆት ገበየሁና ፊሊፕ ሹትዝ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት መጽሐፍ ከነዋሪዎች የቤተሰብ አልበም የተሰበሰቡ ፎቶዎችን ከባለቤቶቹ ትረካ ጋር ያቀርባል። ፎቶው ከቤቱ ሳይወጣ፣ የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ እያለ ነው የተቀዳው። ለአዳማ፣ ለወንጂ፣ ለሻሸመኔ የሚበጀው ይህ መንገድ ነው። ወንጂ በሠራተኞች መኖሪያ መንደሮች ውስጥ ገና ያልተከፈቱ ሻንጣዎች አሉ፤ ከሻንጣው አጠገብ ደግሞ የሚያስታውሱ አረጋውያን። በመቶ ብር አምስት ፎቶ ከመግዛት ቡና ላይ ተቀምጦ አንዱን ፎቶ «እማማ፣ እኚህ ማናቸው?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

ሕጉንም ማወቅ ግድ ነው፤ ሰብሳቢዎች ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የማንኛውም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ ልዩ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፦ ሰውየው ዝነኛ ወይም ባለሥልጣን ከሆነ፣ ለፍርድና ለፖሊስ ሥራ፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ጥቅም፣ ወይም ፎቶው በአደባባይ ከተደረገ ነገር ጋር ከተያያዘ። ሰውየው ቢሞት፣ አጠቃቀሙ ክብሩን ወይም መልካም ስሙን የሚነካ ከሆነ፣ መብቱ ለቅርብ ዘመዶቹ ያልፋል። ከዚህ የተለየው የፎቶ አንሺው መብት ነው፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ ሥራ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ይሰጠዋል። ሁለቱን የሚያምታቱ ሞልተዋል። የ1962 ዓ.ም. ፎቶ የፎቶ አንሺው የጥቅም መብት አብቅቶለት ሊሆን ይችላል፤ የምስሉ ባለቤት ወይም የልጆቿ መብት ግን በዚያ አልተነካም። ለምርምርና ለሙዚየም መሰብሰብ አንድ ነገር ነው። የማያውቋትን ሴት ምስል አጉልቶ ለካፌ ግድግዳ ወይም ለቲሸርት መሸጥ ሌላ ነው፤ እዚያ «ባለቤቱ አይታወቅም» የሚለው መከላከያ ልጇ ቡና ልትጠጣ እስክትገባ ድረስ ብቻ ይሠራል።

ስለ አያያዝ ባጭሩ። አዳማ ሙቀትና አቧራ አላት፤ ሻንጣ ውስጥ ደግሞ ብል አለ፣ መሬት ከነካ ምስጥ። ፎቶ በአሲድ የለሽ ወረቀት ፖስታ ውስጥ፣ በካርቶን ሣጥን፣ ከወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ገጹ የሚያጣብቅና በላስቲክ የሚሸፈን አልበም ፎቶውን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ከሁሉ የከፋው ላሚኔት ማድረግ ነው። ለመጠበቅ ተብሎ በሙቀት የታሸገ ፎቶ አይላቀቅም፤ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍም መርምሮ መጨረስ አይቻልም። ጥቁሩ ቦታ ላይ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ነገር ከታየ በፎቶው ውስጥ ያለው የብር ማዕድን ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ አትጥረጉት። ወደ ቢጫነት ማድላቱ ብዙውን ጊዜ ፎቶ ቤቱ በሚገባ ሳያጥበው የቀረ ኬሚካል ነው፤ የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ሥራ በዝቶበት ይሆናል። ስካን ስታደርጉ በ600 ዲፒአይ፣ ፊቱንም ጀርባውንም። ማስታወሻ መጻፍ ካስፈለገ በለስላሳ እርሳስ፣ በጠርዙ፣ ሳይጫኑ፦ የት ተገኘ፣ ከማን እጅ፣ ከየትኞቹ ፎቶዎች ጋር።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከፎቶው ጀርባ፣ ከማኅተሙ ሌላ፣ በእርሳስ የተጻፈ ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይገኛል። ዋጋ ወይም ቀን የሚመስላቸው አሉ። ብዙ ፎቶ ቤቶች ደንበኛው ተመልሶ ተጨማሪ ቅጂ ሲጠይቅ ኔጋቲቩን ለማግኘት ቁጥር ይሰጡት ነበር፤ ያ ቁጥር፣ የደንበኛው ስም፣ የከፈለው ቀብድና የሚወስድበት ቀን በአንድ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ስሙ ያለው እዚያ ነው። ፎቶ ቤት ሲዘጋ ካሜራው ለጌጥ ይፈለጋል፣ የተሣለው መጋረጃም ወዳጅ ያገኛል፤ ኔጋቲቭ እንኳ አንዳንዴ ጠያቂ አለው። ደብተሩ ግን ለበርበሬ መጠቅለያ ይሄዳል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የቆየ ፎቶ ቤት ያለው ሰው የምታውቁ ከሆነ፣ ስለ ፎቶው ሳትጠይቁት በፊት ስለ ደብተሩ ጠይቁት።